ባሕር የከበበው ግዞት ቤት፤ ወደ ፖርት አርተር የአንድ ቀን ጉዞ

መንገደኛ በዓለም ላይ ሲዞር የሚያያቸው ነገሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው እግዚአብሔር በጥበቡ አሳምሮ የፈጠረው ነው፤ ሁለተኛው የሰው ልጅ በእጁ ሠርቶ የተወው ነው። እነዚህ ሁለቱ በየብቻቸው በብዙ አገር ይገኛሉ፤ ነገር ግን የፍጥረት ውበትና የሰው መከራ ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ቀን የሚታዩበት ስፍራ ብዙ አይደለም። ከአውስትራልያ በስተ ደቡብ በምትገኘው በታዝማንያ ደሴት ያለው የፖርት አርተር ግዞት ቤት እንዲህ ያለ ስፍራ ስለ ሆነ፥ በዚያ ያየሁትንና የተረዳሁትን ለአንባቢዎች ለመጻፍ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የእንግሊዝ መንግሥት ከ1788 ጀምሮ እስከ 1868 ድረስ ከ160 ሺሕ በላይ የሚሆኑ ፍርደኞችን በመርከብ እየጫነ ወደ አውስትራልያ ሰድዷል። ከእነዚህም ውስጥ ከ70 ሺሕ የሚበልጡት የወረዱት በዚያ ዘመን የቫን ዲመን ምድር ትባል በነበረችው በታዝማንያ ነው። ብዙዎቹ የተፈረደባቸው በስርቆት ነበረ፤ አንዱ በግ፥ አንዱ ጨርቅ፥ አንዱም ጥቂት ገንዘብ ሰርቆ ነው። ፍርዱም 7 ዓመት፥ ወይም 14 ዓመት፥ ወይም ዕድሜ ልክ ነበረ። ይሁን እንጂ ዓመቱን የጨረሰው ሰው የመመለሻ መርከብ ስለማይሰጠው፥ የ7 ዓመቱም ፍርድ ቢሆን ለብዙዎች ለዘለዓለም ከአገር መለየት ሆነባቸው።

ፖርት አርተር የተቋቋመው በሴፕቴምበር 1830 ነው። ስሙን ያገኘው ደሴቲቱን ያስተዳድር ከነበረው ከጆርጅ አርተር ነው። መጀመሪያ እንጨት የሚቈረጥበት ሰፈር ነበረ፤ ወዲያው ግን ወደ ደሴቲቱ ከደረሱ በኋላ ዳግመኛ ያጠፉ እስረኞች የሚቀጡበት ስፍራ ሆነ። በ1877 እስኪዘጋ ድረስ 47 ዓመት ሲቆይ፥ 12,500 ያህል የእስራት ፍርድ እንደ ተፈጸመበት ይቈጠራል።

የግዞት ነገር ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በጥንት ዘመን የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሼን ይቀመጡ እንደ ነበረ እናውቃለን፤ በዚያ ቅጥሩ ገደሉ ነበረ። ባሕርን ቅጥር ያደረገ ግዞትም ኢትዮጵያውያንን አግኝቷቸዋል፤ በ1937 በአዲስ አበባ ከተደረገው እልቂት በኋላ የኢጣልያ ሹማምንት ብዙ መኳንንትን ከነቤተ ሰባቸው ወደ ኢጣልያ ወስደው፥ ከእነርሱ ብዙዎቹን አዚናራ በምትባል ደሴት አስረው ነበርና። ስለዚህ አንባቢ የሚከተለውን ሲያነብ ስለ ሌላ ሕዝብ ብቻ የተነገረ አድርጎ እንዳይቈጥረው እለምናለሁ።

ከሆባርት ከተማ በጧት በአውቶቡስ ተነሣን። ከዚያ እስከ ፖርት አርተር ሳይቆሙ ቢሄዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ነገር ግን መንገዱን የሚመራን ሰው በየስፍራው እያቆመ ስላሳየን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን በመንገዱ ዳርና ዳር የቆመውን ዛፍ ባየሁ ጊዜ ተደነቅሁ፤ ቅጠሉም፥ ልጡም፥ ሽታውም የእንጦጦ ነበረና። መሪያችንን ብጠይቀው፥ ብሉ ገም የሚሉት ይህ ዛፍ የደሴቲቱ ተወላጅ መሆኑን፥ አበባውም የታዝማንያ ምልክት ተደርጎ መመረጡን ነገረኝ። ይህ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነጭ ባሕር ዛፍ የተባለው ነው። አባቶቻችን ባሕር ዛፍ ብለው ስም ሲያወጡለት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ማለታቸው ነው፤ የተሻገረው ባሕር ምን ያህል እንደ ሆነ ግን እኔ የተረዳሁት በዚያን ቀን ነው። የፖርት አርተር እስረኞችም በመጀመሪያ የተላኩት የዚህን አገር ታላላቅ ዛፎች እንዲቈርጡና ግንዱን በትከሻቸው ወደ ባሕር ዳር እንዲያወርዱ ነበረ።

መንገዱ ደናሊ በምትባል መንደር አጠገብ በ1905 የተከፈተውን ጠባብ የመርከብ ቦይ በድልድይ ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር ከሦስት ወገን ባሕር የገባበት ነው። የሆላንድ መርከበኛ አቤል ታዝማን በዲሴምበር 1642 በዚህ ዳርቻ ደርሶ ነበር፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ስለ ከለከላት የመርከቡ አናጢ ዋኝቶ ወጥቶ ባንዲራ ተከለ። ደሴቲቱም በ1856 ስሟ ሲለወጥ በዚህ ሰው ስም ታዝማንያ ተባለች። ይሁን እንጂ አገሩ ባለቤት የሌለው አልነበረም። ፒዳይሬርሜ የተባሉ ወገኖች አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት እጅግ ብዙ ዘመን በዚህ ባሕር ዳር ዓሣና ቀንድ አውጣ እየሰበሰቡ ይኖሩ ነበር፤ እስረኛውም ወታደሩም ሲመጣ አገራቸውን ተቀሙ። መሪያችን ይህን ሳይዘለል ከሁሉ አስቀድሞ መናገሩ ደስ አሰኘኝ።

መጀመሪያ የወረድነው ድንጋዩ እንደ ቤት ወለል የተነጠፈ በሚመስልበት ባሕር ዳር ነው። ለማያውቅ ሰው ግንበኛ በገመድ ለክቶ ያነጠፈው ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሰው እጅ አልነካውም። ድንጋዩ በጥንት ዘመን ከባሕር በታች የተቀመጠ ደለል ነበረ፤ ከጠነከረ በኋላ ምድር በተንቀሳቀሰች ጊዜ በአራት ማዕዘን እየሆነ ተሰነጠቀ። ከውኃው ራቅ ያለው ክፍል ውኃው ሲሸሽ ረዥም ሰዓት ስለሚደርቅ፥ የጨው ቅንጣት የድንጋዩን ፊት እየበላ እንደ ገበታ ያጐደጕደዋል። ለውኃው የቀረበው ክፍል ግን አሸዋና ሞገድ ስንጥቁን እያሰፋው በመካከሉ ያለው ድንጋይ እንደ ዳቦ ተነፍቶ ቀርቷል። አንዱ ድንጋይ፥ አንዱ ባሕር፥ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ሁለት ዓይነት ሥራ ሲሠራ ማየት ያስገርማል።

ከዚያ ጥቂት አልፎ የንስር አንገት የሚባለው ስፍራ ይደረሳል። ፖርት አርተር ያለበትን ምድር ከቀረው ደሴት ጋር የሚያገናኘው ይህ አንገት ብቻ ነው፤ በጠባቡ ስፍራ ወርዱ 100 ሜትር አይሞላም። ከወዲህና ከወዲያ ባሕር ነው። ስለዚህ ለእስር ቤቱ የድንጋይ አጥር መሥራት አላስፈለገም፤ ይህን አንገት መጠበቅ በቃ። ከ1832 ገደማ ጀምሮ ወታደሮቹ ከዳር እስከ ዳር ክፉ ክፉ ውሾችን በሰንሰለት እያሰሩ በመስመር አቆሙ። አንዱ ውሻ ከሌላው ጋር እንዳይነካከስ፥ ነገር ግን በመካከላቸው ሰው እንዳያልፍ ሰንሰለቱ ተለክቶ ነበር። በሌሊት ፋኖስ ይበራል፤ በውኃው ውስጥም መድረክ ተሠርቶ ውሾች ታስረውበት ነበር። ባሕሩ ዓሣ ነባሪ ሳይሆን ሰው የሚበላ ዓሣ ሞልቶበታል የሚል ወሬም በእስረኞቹ ዘንድ እንዲነገር ተደረገ። ዛሬ በዚያ ስፍራ የአንድ ውሻ ምስል ከነሐስ ተሠርቶ ቆሟል፤ በ1832 የተሠራው የመኰንኖች የእንጨት ቤትም እስካሁን አለ።

ይህን ሁሉ አልፈው ያመለጡ ጥቂቶች ናቸው። በ1842 ማርቲን ካሽ የተባለ አየርላንዳዊ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ በሌሊት ዋኝቶ ተሻገረ። ሞገዱ የልብሳቸውን ጥቅል ስለ ወሰደባቸው ራቁታቸውን ወጡ ይባላል። በኋላም ተይዞ ሞት ተፈርዶበት ምሕረት አገኘና፥ በመጨረሻ ገበሬ ሆኖ በ1877 በአልጋው ላይ ሞተ። ሌላው ደግሞ የካንጋሩ ቆዳ ለብሶ እየዘለለ ሊያልፍ ሲል፥ ሥጋ የራባቸው ወታደሮች እውነተኛ አውሬ መስሏቸው ሊተኵሱበት ቢያነጣጥሩ፥ እጁን አንሥቶ ጮኸ እየተባለ ይተረካል። በአውቶቡሱ ያሉት ሁሉ በዚህ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገር ግን ሰው ነጻ ለመውጣት ብሎ የአውሬ ቆዳ እስኪለብስ ድረስ መድረሱ ቆይቶ ሲያስቡት የሚያስቅ አይደለም።

ከአንገቱ ባሻገር ባሕሩ ገደሉን እንዴት እንደሚበላ የሚታይባቸው ሁለት ስፍራዎች አሉ። አንደኛው የታዝማን ቅስት ይባላል። ሞገዱ የድንጋዩን ስንጥቅ እየተከተለ ዋሻ ቈፈረ፤ ከዚያም የዋሻው ጣራ ከኋላ በኩል ሲወድቅ፥ ከፊት ያለው እንደ ታላቅ ድልድይ ተንጠልጥሎ ቀረ። በአጠገቡ ያለው የሰይጣን ማድ ቤት የሚሉት ደግሞ አስቀድሞ እንዲሁ ነበረ፤ ድልድዩ ወድቆ አሁን ከላይ የተከፈተ ጥልቅ ገደል ሆኗል። በሥሩም ማዕበሉ እንደ ተጣደ ድስት ሲፈላ ይታያል። ቅስቱም ጊዜው ሲደርስ እንዲሁ ይሆናል። ከዚያ ወደ ደቡብ ርቆ ሲመለከቱ የራውል አፍና የዓምድ አፍ የሚባሉት ገደሎች እንደ ተሰደሩ ዓምዶች ቆመው ይታያሉ። ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ እየተሰነጠቀ የሠራቸው ናቸው፤ ከፍታቸው እስከ 300 ሜትር ይደርሳል። ከእንግሊዝ የሚመጣው እስረኛ በመርከብ ሲጠጋ ያየው ይህን ገደል ነበረ።

ወደ ፖርት አርተር የደረስነው በቀትር ነው። ወህኒ ቤት አያለሁ ብሎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ይደናገራል፤ ለምለም ሣር፥ ታላላቅ የእንግሊዝ አገር ዛፎች፥ ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ፥ በመካከሉም ቀይና ቢጫ የሚመስል የፈረሰ ሕንፃ ነውና የሚታየው። ከሁሉ የሚበልጠው ሕንፃ በ1840ዎቹ መጀመሪያ የእህል ወፍጮና ጐተራ ሆኖ የተሠራ ነው። ወፍጮውን የሚያዞረው ውኃ ሲጐድል እስረኞች ታላቁን መንኰራኵር በእግራቸው እየረገጡ እንዲያዞሩ ተደርጎ ነበር፤ ሥራው ግን ስላልተሳካ በ1850ዎቹ ወደ እስር ቤት ተለወጠ። በታችኛው ሁለት ደርብ 136 ጠባብ ክፍሎች፥ በላይኛውም 348 ሰዎች የሚተኙበት አዳራሽ ነበረው። መጻሕፍት ቤትም ነበረው። በ1897 የተነሣው የዱር እሳት ጣራውንና እንጨቱን ሁሉ በልቶ ግድግዳውን ብቻ አስቀረ።

በኰረብታው ላይ የቆመው ቤተ ክርስቲያን በ1837 አካባቢ ተፈጸመ። እስከ 1,100 ሰው ይይዝ ነበር ይባላል። የልዩ ልዩ ሃይማኖት ሰዎች ሁሉ የሚገለገሉበት ስለ ነበረ ግን በጳጳስ እጅ አልተባረከም፤ በእኛ አነጋገር ቅዳሴ ቤቱ አልተከበረም ማለት ነው። በ1884 በእሳት ተቃጥሎ ዛሬ ጣራ የለውም። ድንጋዮቹን ከጠረቡት ብዙዎቹ ሕፃናት መሆናቸውን መሪው ሲነግረን ሁላችን ዝም አልን። የእነርሱን ነገር ከታች እመለስበታለሁ።

በዚያ የታሰረው ሁሉ ሌባ አልነበረም። ዊልያም ስሚዝ ኦብራይን የተባለ የአየርላንድ መኰንን ለአገሩ ነጻነት በ1848 ስለ ተነሣ ተፈርዶበት፥ በ1850 በፖርት አርተር የተቀመጠባት ትንሽ ቤት እስከ ዛሬ ትታያለች። የጆን ፍሮስት ታሪክ ግን ለእኔ የበለጠ ልብ የሚነካ ሆነብኝ። ይህ ሰው በዌልስ የኒውፖርት ከተማ ከንቲባ የነበረ ነው። ለሠራተኛው ሕዝብ የመምረጥ መብት ይሰጥ ከሚሉት ጋር ተሰልፎ፥ በ1839 በከተማው በተነሣው ሁከት ምክንያት ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱም ወደ ግዞት ተለወጠለት። ፖርት አርተር ሲደርስ መጻፍ ያውቃልና በጽሕፈት ቤት ጸሓፊ አደረጉት። ነገር ግን ወደ አገሩ በጻፈው ደብዳቤ አንድን የእንግሊዝ ሚኒስትር የሚነቅፍ ቃል ስለ ተገኘበት፥ ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቶ በከባድ ሥራ ተቀጣ። በ1856 ምሕረት አግኝቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ፖርት አርተር በተዘጋበት በ1877 እርሱም በ93 ዓመቱ ዐረፈ።

ከዚህ ቀጥሎ ያየነው ልዩ እስር ቤት ይባላል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር፥ ጅራፍ ሥጋን ብቻ ይቀጣል፤ ሰው የሚታረመው ብቻውን ሆኖ ጥፋቱን ሲያስብ ነው የሚል አዲስ አሳብ ተነሥቶ ነበር። በ1842 በሎንዶን የተከፈተው የፔንቶንቪል እስር ቤት በዚህ አሳብ ተሠራ፤ የፖርት አርተሩም በ1840ዎቹ መጨረሻ በእርሱ ምሳሌ ተሠራ። 80 ክፍሎች አሉት። እስረኛው ከ24 ሰዓት 23ቱን በክፍሉ ብቻውን ይቀመጣል፤ አንዱን ሰዓት በግንብ በተከለለ ጠባብ ግቢ ብቻውን ይመላለሳል። ከክፍሉ ሲወጣ ጓደኛው መልኩን እንዳያውቅ ፊቱ በጨርቅ ይሸፈናል። መናገር ክልክል ነው፤ ዘበኞቹም ኮቴያቸው እንዳይሰማ ለስላሳ ጫማ ይጫማሉ። በጸሎት ቤቱ እንኳ እያንዳንዱ ሰው ቄሱን ብቻ እንዲያይ መቆሚያው በሳንቃ ተከልሏል፤ ድምፅ ማሰማት የተፈቀደለት በመዝሙር ጊዜ ብቻ ነበረ። በዚህ ሥርዓት ያመፀ ሰው ብርሃንም ድምፅም ወደማይገባበት፥ ግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ወደሚሆን ጨለማ ክፍል ይጣላል። ከገባንበት በኋላ መሪው በሩን ለጥቂት ጊዜ ዘጋው። የራሴን እጅ አላየሁም፤ የገዛ ትንፋሼ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማኝ።

ከዚህ ሁሉ ግን ለእኔ እጅግ የከበደው ሌላ ነው። በዚያ እስር ቤት ሰው በስሙ አይጠራም ነበር፤ በቁጥር ይጠራ ነበር። በገዳም ያሉ አባቶች ዝምታን ፈቅደው ይይዙታል፤ ሲመነኵሱም አሮጌውን ስም ትተው አዲስ ስም ይቀበላሉ። ዝምታውን ሌላ ሰው ሲያስገድድ፥ ስሙንም ወስዶ በፋንታው ምንም ሳይሰጥ ሲቀር ግን አእምሮ ይታወካል። በ1860ዎቹ ከዚሁ እስር ቤት አጠገብ የእብዶች መጠለያ መሠራቱ ይህን ያስረዳል።

ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ወሽመጡ ወጣን። በቀኝ በኩል የሚታየው የምድር አፍ ፖይንት ፑወር ይባላል፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላቲን የቀመሰ ሰው እንደሚያስታውሰው ፑወር ማለት ወንድ ልጅ ማለት ነው። ከ1834 እስከ 1849 ድረስ 3,000 ያህል ልጆች በዚህ ታስረው ነበር። ብዙዎቹ ከ14 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ሲሆኑ፥ ከሁሉ የሚያንሱት ገና 9 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ከጎልማሶቹ እስረኞች ክፋት እንዳይማሩ ተብሎ ለብቻቸው ተደረጉ፤ ማንበብና መጻፍ፥ አናጢነት፥ ጫማ ስፌት፥ ድንጋይ ጠረባ ይማሩ ነበር። ይህ በመልካም አሳብ የተጀመረ ነው፤ ያጠፋውም ልጅ በጅራፍና በብቻ እስራት ይቀጣ ነበር። ከመንደሩ ዛሬ የቀረው ጥቂት ፍርስራሽ ነው። ልጅ ያላችሁ አንባቢዎች፥ የ9 ዓመት ልጃችሁን አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ ተመልከቱና፥ ያ ልጅ እናቱን ትቶ ብዙ ወራት በመርከብ ተጉዞ በዚያ ገደል አፋፍ ሲወርድ አስቡት።

ለዚያ ለብቻው የከፈልነው ጥቂት ሰዎች የሙታን ደሴት በምትባለው ትንሽ ደሴት ወረድን። ከ1833 እስከ 1877 ድረስ 1,000 ያህል ሰዎች እንደ ተቀበሩባት ይገመታል። በላይኛው ወገን የመኰንኖች፥ የወታደሮችና የነጻ ሰዎች መቃብር አለ፤ በላዩም ስማቸውና ዕድሜያቸው የተቀረጸ ድንጋይ ቆሟል። በታችኛው ወገን እስረኞቹ አሉ። ለእነርሱ ለብዙ ዘመን የስም ድንጋይ ማቆም አልተፈቀደም ነበርና፥ የሚታየው ሣርና ቍጥቋጦ ብቻ ነው። ስምን በመቁጠሪያ የለወጠው ሥርዓት በመቃብርም አልተወገደላቸውም።

ከእኛ ጋር ከወረዱት አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ጠዋት ከእርሳቸው ጋር ስንጨዋወት ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሓፊነት መሆኑን ነግሬአቸው ነበርና፥ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው፥ «ጌታዬ፥ የድሮ ጽሕፈት ማንበብ ሳያውቁ አይቀርም፤ ይህችን ቃል እስቲ ይመልከቱልኝ» አሉኝ። ወረቀቱ በሆባርት ከሚጠበቀው የእስረኞች መዝገብ የተገለበጠ ነበረ። የአያታቸው አጎት ስም፥ ቁመቱ፥ የፀጉሩና የዓይኑ ቀለም፥ በክንዱ ያለው የመልሕቅ ንቅሳት፥ ማንበብ የሚችል መጻፍ ግን የማይችል መሆኑ፥ የሰረቀው ነገርና የተፈረደበት ዓመት በተራ ተጽፏል። በመጨረሻም በፖርት አርተር መሞቱ ተመዝግቧል። ሴትዮዋን ያስቸገራቸው ቃል የሙያው ስም ነበረ። ቀለሙ ቢደበዝዝም ፊደሉ በጥንቃቄ የተጣለ ስለ ሆነ ሳልቸገር አነበብሁት፤ «እመቤቴ፥ ሸማኔ ነው የሚለው» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «በቤታችን ስሙ ተነሥቶ አያውቅም፤ እስከ ዛሬ እኔም የማውቀው ሌባ መሆኑን ብቻ ነበረ» አሉ። ከዚያም ስም ወደሌለበት ወደ ታችኛው ወገን ዞረው ቆሙ፤ ጀልባው እስኪጠራን ድረስም አልተንቀሳቀሱም።

እነዚያን መዝገቦች የጻፉ ሰዎች ይህን አላሰቡም ነበር። መርከብ በደረሰ ጊዜ ጸሓፊዎች እስረኛውን ገና ሳይወርድ እየጠየቁ መልኩን፥ ሙያውን፥ የተወለደበትን ስፍራና የሠራውን ጥፋት ይጽፉ ነበር። ይህ የሚደረገው ቢጠፋ ለመያዝ፥ ዳግመኛም ቢያጠፋ ለመቅጣት ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘው ቅጣት ሁሉ፥ የሰከረበትና የተሳደበበት ቀን እንኳ ሳይቀር ከስሙ በታች ይጨመራል። እስር ቤቱ በቁጥር የጠራውን ሰው መዝገቡ በስሙ ይዞት ቆየ። ድንጋይ የተከለከለው ሰው በወረቀት ተገኘ። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት የአውስትራልያን የእስረኞች መዛግብት ከዓለም መታሰቢያ ጽሑፎች ጋር ቈጠራቸው፤ ዛሬም ማንም ሰው የዘመዱን ስም ፈልጎ ሊያገኝበት ይችላል።

እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ዘመን አለፈ። ግዞት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ የአገሩ ሰዎች በታሪኩ አፈሩ። በ1884 የመንደሩን ስም ካርናርቨን ብለው ለወጡት፤ እሳቱም ሕንፃውን ሲበላው ይበላው ያሉ ነበሩ። በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ በግዞት የመጣ አያት ስሙ አይጠራም ነበር። ነገር ግን ተመልካች መምጣቱን አላቋረጠምና በ1927 ቀድሞ የነበረው ስም ተመለሰ፤ በ2010ም ከሌሎች 10 የእስረኞች ስፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ።

ይህ ምድር ሌላም ኀዘን አለበት። አፕሪል 28 ቀን 1996 አንድ ሰው በጠመንጃ 35 ሰዎችን በዚህ ስፍራና በአካባቢው ገደለ። ብዙዎቹ እንደ እኛ ለአንድ ቀን ሊጐበኙ የመጡ ነበሩ። መንግሥትም በዚያው ዓመት የጦር መሣሪያን ሕግ አጥብቆ፥ ከ600 ሺሕ በላይ ጠመንጃ ከሕዝብ ገዝቶ አስወገደ። ብዙ ሰዎች የተገደሉበት ምግብ ቤት ዛሬ ጣራ የሌለው ግድግዳ ብቻ ነው፤ በአጠገቡ ጸጥ ያለ የውኃ ገንዳ ተሠርቷል፤ የሞቱትም ስም በመታሰቢያው ተጽፏል። የገዳዩን ስም በዚያ የሚያነሣ የለም፤ መሪያችንም አላነሣውም።

በሙታን ደሴት ጫፍ፥ በባሕሩ ድንጋይ ላይ፥ በ1841 የተቀረጸ አንድ ትንሽ መስመር አለ። የግምጃ ቤቱ ሹም ቶማስ ሌምፕሪየር መርከበኛው ጄምስ ክላርክ ሮስ በጠየቀው መሠረት የባሕሩን ከፍታ ለመለካት ያስቀረጸው ነው። ሌምፕሪየር የእስረኞቹን ዱቄትና ጨርቅ እየቈጠረ በሚጽፍበት እጁ የባሕሩንም ከፍታና ዝቅታ በየዕለቱ ይጽፍ ነበር። የዛሬ ሊቃውንት በዚያ ስፍራ የባሕር ውኃ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል ከፍ እንዳለ የሚያውቁት ከዚያ መስመርና ከዚያ ጽሑፍ ነው። በታማኝነት የተጻፈ ነገር ጸሓፊው ላላሰበው ሰው፥ ላላሰበውም ጉዳይ ይጠቅማል።

ስለዚህ ከዚህ ጉዞ ያገኘሁትን አሳብ በሁለት ቃል እገልጻለሁ። በመጀመሪያ፥ በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ስም የምንጽፍ ሁሉ፥ ስሙን ከነአባቱ፥ ሙያውንና አገሩንም ሳናዛባ እንጻፍ፤ ጥፋቱን ብቻ ጽፈን ሰውየውን አናስቀር። ሁለተኛም፥ በየቤታችን ያጠፋ ዘመድ ቢኖር፥ ጥፋቱን አንሸፍንለት፤ ስሙን ግን ከልጆቻችን አንሰውር። ስሙ የተሰወረ ሰው በልጅ ልጆቹ ዘንድ ጥፋቱ ብቻ ይቀራል፤ ሸማኔ መሆኑን የሚያስታውስለት አይገኝም።